ከመክሰር በፊት ወረቀት

«ከሰርኩ» ማለት በወልድያ ገበያ ወሬ ነው፤ ፍርድ ቤት ፊት ግን ማስረጃ ይፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው የንግድ ሕግ የኪሳራ ሥርዓት ያበጀው ለነጋዴ ነው። ዕዳ መክፈል ያቃተው የሀብሩ ገበሬ ወይም ደመወዝተኛ በዚህ በር አይገባም።

ነጋዴውስ ምን ይሰብስብ? የንብረቱን ዝርዝር፣ የአበዳሪዎቹን ስም ከነዕዳው መጠን፣ የሂሳብ መዝገቡን። እኔ የመርሳ ልጅ ነኝና የሚያሳስበኝ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሱቁም ወረቀቱም አብሮ የጠፋበት ሰው ነው። እሱም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ፦ የሂሳብ እንቅስቃሴውን ከባንክ፣ የብድር ውሉን ከአበዳሪው፣ የግብር ፋይሉን ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቅጂ ይጠይቅ።

በቃል የሰጠውን ዱቤ ግን ማን ይመሰክርለታል? ዕድራችን እንኳ መዋጮውን በመዝገብ ይይዛል፤ ዱቤያችንም ይጻፍ።