ለልጆች ቀስት የሚሆን የጀርባ ልጣፍ፦ አመራረጡና አዘገጃጀቱ

የላግ ባዖሜር በዓል ሲቃረብ ልጆቻችሁ «ቄሼት» እያሉ ቀስት መጠየቃቸው አይቀርም። በሀገራችን ሳለን ይህን በዓል አናውቀውም ነበር፤ በቀስት መጫወቱም ከምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች የመጣ ልማድ ነው። ደጋንን ግን ጥጥ የነደፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚይዙት ከወዳደቀ ሣጥን የተነቀለ፣ ጉጥ የበዛበት ጣውላ ነው። እንዲህ ያለው እንጨት ሲሳብ ተሰብሮ ስንጥሩ የልጁ ፊት ላይ ይፈናጠራል። ስለዚህ አባት ገብቶ ቢያግዝ መልካም ነው፤ ለዚህ ሥራ ዕብራይስጥ አያስፈልግም።

ቀስት ሲሳብ ወደ ቀስተኛው የዞረው ሆዱ ይጨመቃል፣ ወደ ውጭ የዞረው ጀርባው ይለጠጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረውም በጀርባው በኩል፣ የእንጨቱ ጅማት በተቆረጠበት ቦታ ነው። መድኃኒቱ በጀርባው ላይ ጠንካራ ስስ ልጣፍ መለጠፍ ነው።

ለልጣፍ ከሁሉ የሚመረጠው በሰሜን አሜሪካ የሚበቅለው ሂኮሪ ነው። እርሱ ካልተገኘ በዕብራይስጥ «ሜይላ» የሚባለው ይሆናል። ናጋሪያ ሄዳችሁ ስትገዙ ቀለሙን አትዩ፤ ጅማቱን እዩ። በጎኑ ያለውን መስመር በእርሳስ ተከተሉት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ከሄደ ውሰዱት፤ መሐል ላይ ወደ ጎን ከወጣ ግን ምንም ቢያምር ተዉት። ቀርከሃም እጅግ ጥሩ ነው፤ ኃይሉ ያለው በሚያብረቀርቀው የውጭ ቅርፊቱ ስለሆነ የሚላገው የውስጡ ብቻ ነው። ስስ ጥሬ ቆዳም ያገለግላል፣ ጠፍር የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

የልጣፉ ርዝመት ከቀስቱ እኩል፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ከመጣበቁ በፊት በደንብ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ግን አይሰጣ፣ ይጣመማል። ቤት ውስጥ በጥላ አኑሩትና በየጥቂት ቀኑ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርሷል። ቀጥሎ የሚጣበቁትን ሁለት ገጾች በመላጊያ አስተካክሉ። አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን ስታዩ ጭላንጭል ከታየ ገና ነው። በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት አሻክሩ፣ ብናኙን ጥረጉ፣ ሁለቱንም ገጽ የእንጨት ኮላ («ዴቬክ ናጋሪም») ቀቡ። በቂ ማጣበቂያ ሞርሳ ከሌላችሁ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በረጅሙ ቆርጣችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙበት። ኮላው ውሃ አለበት፤ ስለዚህ ከፈታችሁት በኋላም ለማጠፍ አትቸኩሉ፣ ጥቂት ቀን ይቆይ።

ከዚያ ወዲያ የሚላገው ሆዱ ብቻ ነው። ቀስቱ አልቆ ልጁ እጅ ሲገባ፣ ፍላጻ ሳይኖርበት ስቦ እንዳይለቅ ንገሩት፤ ጉልበቱ ሁሉ ወደ እንጨቱ ተመልሶ ይሰብረዋል። የፍላጻውም ጫፍ በጨርቅ ይጠቅለል።