የእግዱ ይግባኝ የፍቺውን ፍርድ አይጠብቅም
ካሊፎርኒያ ውስጥ በፍቺ ክርክር መሀል የቤት ውስጥ ጥቃት እግድ የተጣለበት ሰው «የፍቺው ፍርድ ሲያልቅ አንድ ላይ ይግባኝ እላለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ስሕተት ነው። በችሎት ተሰምቶ የተሰጠ እግድ ብቻውን ይግባኝ ይባልበታል፤ የትእዛዙ መመዝገብ ማስታወቂያ ከደረሰ 60 ቀን ካለፈ በሩ ይዘጋል። ጉዳቱም ከእግዱ ዕድሜ፣ ማለትም ካልታደሰ ቢበዛ ከ5 ዓመት፣ ይሰፋል። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 3044 መሠረት፣ ባለፉት 5 ዓመታት ጥቃት ፈጽሟል ብሎ ፍርድ ቤት የወሰነበት ወላጅ አሳዳጊ ቢሆን ልጁን ይጎዳል ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱን የማፍረስ ሸክሙም የራሱ ነው።

«በሐሰት ተመስክሮብኝ ዝም ልበል?» የሚል አይጠፋም። ዝም አይበል፤ ነገር ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ምስክር አይሰማም፣ ማን እውነቱን እንደተናገረም ዳግም አይመዝንም። የሚመረምረው የሕግ ስሕተት መኖር አለመኖሩን፣ ትእዛዙንም የሚደግፍ በቂ ማስረጃ በመዝገቡ ላይ መገኘቱን ነው። ስለዚህ በችሎት የተነገረው ቃል በጽሑፍ ካልተያዘ ይግባኙ ባዶ እጁን ይቀርባል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ተከራካሪ፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ቃል መዝጋቢ በነጻ እንዲመደብለት መጠየቅ ይችላል (ከችሎቱ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም!)። ይግባኝ ማለት ደግሞ እግዱን በራሱ አያነሳም፤ «ይግባኝ ብያለሁ» ብሎ የተከለከለበት ቤት ደጃፍ የሚቆም ሰው ሊታሰር ይችላል።