የማያልቀው መስከረም

መስከረም ሲጠባ በየትምህርት ቤቱ አዲስ ተማሪ ይገባል። እንግዳው ልጅ የመምህሩን ጠባይና የጉባኤውን ሥርዓት ገና አያውቅምና ነባሮቹ ተማሪዎች በምክርም በተግሣጽም ያስለምዱታል፤ ጥቂት ወራት ሳያልፉ እርሱም በተራው ነባር ይሆናል። ይህ ልማድ በኢንተርኔትም በቀድሞው ዘመን ነበረ።

እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ አገር በኖርዝ ካሮላይና፣ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ ዩዝኔት የተባለውን የመልእክት መለዋወጫ አሰቡ። ሰዎችም ፊት ለፊት ሳይተያዩ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ሃይማኖት፣ በየርእሱ ተከፍለው ይወያዩበት ጀመር። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲና የምርምር ቤት ሰዎች ስለ ነበሩ፣ አዲስ ሰው በብዛት የሚመጣው እንደ እኛው አገር ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ወር ነበር። ነባሮቹም ለሚደጋገመው ጥያቄ መልሱን በጽሑፍ አዘጋጅተው ያስነብቡት፣ ከሥርዓት ሲወጣም ይገሥጹት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 ግን የንግድ ኩባንያዎች፣ ይልቁንም አሜሪካ ኦንላይን፣ ለደንበኞቻቸው ሁሉ በሩን ከፈቱ። እንግዳው በየወሩ ይጎርፍ ጀመርና ለማስተማር ፋታ ጠፋ። ነባሮቹም ያን ዘመን «የማያልቀው መስከረም» አሉት። የበሩ መከፈት ክፉ አልነበረም፤ ዕውቀት ለጥቂቶች ብቻ ሊቀር አይገባውምና። ጉዳቱ እንግዳ ሲበዛ አስተማሪ ማነሱ ነው።

ከዚያም ሌላ ለውጥ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ፌስቡክ በ2006 የወዳጆችን ወሬ በአንድ ገጽ ሰብስቦ ማቅረብ፣ በ2009 ደግሞ «ላይክ» የሚባለውን ምልክት ጀመረ። ውሎ አድሮም ለዐይናችን የሚቀርበውን የሚመርጠው ሥርዓት ዐዋቂ ነባር ሳይሆን፣ ሰውን ብዙ ጊዜ የሚያቆየውን የሚቈጥር የኮምፒዩተር ስሌት ሆነ። ስሌቱም ቍጣን ከምክር አስበልጦ የሚያቀርብበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ቍጣ ብዙ ሰው ያናግራልና።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ስልክ በያዘ ዕለት ወደ ትልቅ ጉባኤ ይገባል፤ ከደጁ ቆሞ የሚቀበለው ነባር ግን አያገኝም። ስለዚህ ነባሩ እናንተ ሁኑለት። አብራችሁት ተመልከቱ፤ ይህን ማን ጻፈው፣ ከወዴትስ አገኘው ብላችሁ ጠይቁት፤ በሰው ፊት ሊናገረው የሚያፍርበትን ቃል በጽሑፍም እንዳያወጣው አስለምዱት። ስልኩን መንጠቅ ለአንድ ቀን ያሳርፋል፤ ሥርዓት የተማረ ልጅ ግን እናንተ በሌላችሁበትም ራሱን ይጠብቃል፤ ነገም ለሌላው እንግዳ ነባር ይሆንለታል።