ስለ ዘይቱን ቅጠልና ስለ ተቅማጥ በሽታ

ዘይቱን የምንለው ዛፍ ፍሬው ለምግብ፥ ቅጠሉም ለመድኃኒት የሚፈለግ ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ዘይት ከሚጨመቅበት ዛፍ የተለየ ነው፤ በሌላ አገር ጓቫ ይሉታል። የጥንት አገሩ አሜሪካ ሲሆን፥ መርከበኞች ወደ እስያና ወደ አፍሪካ አዳረሱት። ዛሬ በወልቂጤና በአካባቢዋ ወይና ደጋ አገር ከእንሰቱና ከቡናው ጋራ በጓሮ ሲበቅል ይታያል።

ሆዱን የታመመ ሰው ሲኖር ለጋውን ቅጠል አጥቦ፥ በውሃ አፍልቶና አጥልሎ ማጠጣት በብዙ አገር የቆየ ልማድ ነው። ልማዱም ያለ ምክንያት አልተገኘም። በቅጠሉ ውስጥ ታኒን የሚባል የሚያኮማትር ነገር አለ፤ ይህም ቆዳ በሚለፋበት ልጥ ውስጥ የሚገኘው ነው። ደግሞ ኳርሴቲን የሚባለው ነገር የአንጀትን ቁርጠት ያበርዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. በሜክሲኮ የተደረገ ምርምር፥ ከቅጠሉ የተሠራ መድኃኒት ተቅማጥ በያዛቸው ሰዎች ላይ የቁርጠቱን ጊዜ እንዳሳጠረ ገልጧል።

ነገር ግን ቁርጠትን ማስታገሥና ነፍስን ማዳን ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች መሆናቸውን ማስተዋል ይገባል። በተቅማጥ የሚሞት ሕፃን በብዙው የሚሞተው ውሃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚያልቅ ነው። እናቲቱ ቅጠሉን ሰጥታ ውጤቱን ስትጠብቅ፥ የሕፃኑ ሰውነት በአንድ ቀን ሊደርቅ ይችላል።

ለዚህም ምስክር አለ። በ1963 ዓ.ም. ከዛሬዋ ባንግላዴሽ ወደ ሕንድ በተሰደዱት ሰዎች ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ነበር። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባሉ ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ቢያልቅባቸው፥ ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጠው በአፍ እንዲጠጣ አደረጉ። ከመቶ ሕመምተኞች እስከ ሠላሳ ይሞቱ የነበረው ከአራት በታች ወረደ። ምክንያቱም ስኳሩ ጨውንና ውሃን ከአንጀት ወደ ደም ስለሚያሻግር ነው።

ስለዚህ በቤት ተቅማጥ ሲገባ ሥርዓቱ እንዲህ ይሁን።

፩ኛ፤ ከጤና ኬላ የሚገኘውን ኦ አር ኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት። ካልተገኘ፥ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጥ፤ ማንኪያውም ሳይቆለል ከአፉ እኩል ይሰፈር።

፪ኛ፤ ጡትና ምግብ አለማቋረጥ፤ ለሕፃናትም የሚታዘዘውን ዚንክ ከጤና ሠራተኛ መቀበል።

፫ኛ፤ ዐይኑ የጎደጎደ፥ የደነዘዘ፥ መጠጣት ያቃተው፥ ሰገራው ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ሕመምተኛ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የዘይቱን ቅጠል ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ረዳት ነው። ጎልማሳ ሰው ቢጠጣው ይጠቀምበት ይሆናል፤ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥ።

መምህራንና የአገር ሽማግሎች ሆይ፤ የአባቶቻችንን ዕውቀት መጠበቅ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የተጠማውን ሕፃን አስቀድሞ ማጠጣት ከማናቸውም መድኃኒት እንደሚቀድም ለተማሪዎችና ለጎረቤት ሁሉ አስተምሩ።