ያውቁ ኖሯል? በደማስቆ በኢየሱስ ስም የሚጠራ ሚናራ አለ

በሶርያ ዋና ከተማ በደማስቆ የሚገኘው ታላቁ የኡመያ መስጊድ ሦስት ሚናራዎች አሉት። በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን የቆመው፣ ከሦስቱም ረጅሙ፣ «የዒሳ ሚናራ» ይባላል። ዒሳ ማለት ክርስቲያኖች ኢየሱስ የሚሏቸው ናቸው።

ስያሜው ከሐዲስ (የነቢዩ ሙሐመድ ንግግር ዘገባ) ጋር የተያያዘ ነው። «ሰሒሕ ሙስሊም» በተባለው የሐዲስ ስብስብ እንደሰፈረው፣ ነቢዩ ዒሳ ከዓለም ፍጻሜ በፊት ወደ ምድር የሚወርዱት ከደማስቆ በስተምሥራቅ ባለ ነጭ ሚናራ ዘንድ ነው። ሲወርዱም ቢጫ ቀለም የተነከረ ልብስ ለብሰው፣ እጆቻቸውን በሁለት መላእክት ክንፍ ላይ አሳርፈው ነው። ያ ሚናራ ይህኛው ነው የሚለው ግን የከተማዋ ትውፊት ነው፤ ሐዲሱ መስጊዱን በስም አይጠቅስም።

በእስልምና አስተምህሮ ዒሳ ያለ አባት ከድንግል መርየም የተወለዱ ታላቅ ነቢይ ናቸው እንጂ የአምላክ ልጅ አይደሉም። ቁርኣን አልተሰቀሉም፣ አላህ ወደ ራሱ አነሣቸው ይላል። የሚሞቱት ተመልሰው ደጃልን (ሐሰተኛውን መሲሕ) ከገደሉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ሙስሊሞች የጀናዛ (የቀብር) ሶላት ይሰግዱባቸዋል።

መስጊዱ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራው የመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ሙስሊሞች የሕያ የሚሏቸው የዚህ ነቢይ ራስ አርፎበታል የሚባለው መካነ መቃብር ዛሬም በመስገጃው አዳራሽ ውስጥ ይታያል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ መስጊዱን እ.ኤ.አ. በ2001 ጎብኝተውታል፤ መስጊድ በመግባትም የመጀመሪያው የሮማ ጳጳስ ናቸው።