በደብረ ማርቆስ ገበያ የገንዘብ እምነት እንዴት ተመለሰ

መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ በገቡ ጊዜ ለከተማይቱ የአምስቱ ዓመት ወረራ ፍጻሜ ሆነ። ሰንደቅ ዓላማው በአንድ ቀን ቢሰቀልም፣ አስተዳደሩና ንግዱ ግን በአንድ ቀን የሚመለሱ አልነበሩም።

ነጋዴውን እጅግ ያስቸገረው የገንዘቡ መደባለቅ ነው። ወራሪው የሊሬ ወረቀት አሰራጭቶ ነበር፤ ከብሪታንያ ጦር ጋር ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ፤ ባላገሩ ግን ከአያቶቹ ዘመን ጀምሮ የሚያውቀውን ማርትሬዛ ብር ይመርጥ ነበር። የማርትሬዛ ዋጋ በውስጡ ባለው ጥሬ ብር ስለሚመዘን መንግሥት ቢለወጥም አይጠፋም፤ ወረቀቱ ግን ካወጣው መንግሥት ጋር ይወድቃል። ስለዚህ ጤፉን፣ ማሩንና ቆዳውን ለገበያ ያወጣ ሰው ስለ ዋጋው ከመነጋገሩ በፊት «በምን ገንዘብ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ሆነበት። ጨርቅና ጨው አምጥቶ የሚሸጠውም ነጋዴ የተቀበለው ገንዘብ ዓባይን ከተሻገረ በኋላ ይሠራለት እንደ ሆነ ማሰብ ነበረበት።

የብሪታንያ ጦር ሹማምንት በመጀመሪያ አገሪቱን እንደ ተያዘ የጠላት ግዛት ቈጥረው ያስተዳድሩ ነበር። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ነጻነት ታወቀ። በዚያው ዓመት ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ አገረ ገዥዎችም ደመወዝተኛ የመንግሥት ሹሞች እንዲሆኑ፣ ግብሩም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር እንዲገባ ታዘዘ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በሚያዝያ 1935 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ፤ የ50 ሳንቲሙ ከጥሬ ብር የተሠራ በመሆኑ ወረቀት የሚጠራጠረው ባላገር አዲሱን ገንዘብ እንዲቀበል ረዳ።

የግብሩ ነገር ግን በገንዘብ ለውጥ ብቻ የሚፈታ አልነበረም። የ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር በጎጃም ተቃውሞ አስነሣ፤ ባላገሩ መሬቱ ሲለካ ርስቱን የሚያጣ መስሎት ነበርና። ሁከት ባለበት አገር ደግሞ ሲራራ ነጋዴ ጭኖ መንገድ አይወጣም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ከወረራው በፊት፣ በ1927 ዓ.ም. በነበረው ልክ እንዲከፍሉ ፈቀደ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በመጣ ጊዜ ያው ሥጋት በጎጃም እንደ ገና መነሣቱ የነገሩን ጽናት ያስረዳል።

እንግዲህ ለነጋዴ ትልቁ ዋስትና የሚቀበለው ገንዘብ ነገም እንደሚሠራ፣ የሚከፈለውም ግብር አስቀድሞ የታወቀ እንደ ሆነ ማመን ነው። ይህ እምነት በጎደለበት ገበያ ጎተራው ሙሉ ቢሆንም እንኳ ሻጭና ገዥ አይገናኙም።