የቤት ቋንቋ ለእንግሊዝኛ ዕንቅፋት አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሳን ፍራንሲስኮ እንግሊዝኛ የማይችሉ 1,800 ያህል የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተቀምጠው፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ገልጠው ይውሉ ነበር። መምህሩ የሚለውን ግን አይሰሙም፤ የተለየ እርዳታም አልተመደበላቸውም። ቤተሰቦች ከሰሱ። «ላው በኒኮልስ ላይ» የተባለው ክስ በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለተማሪዎቹ ፈረዱ፦ ቋንቋውን ለማይሰማ ልጅ እኩል መጽሐፍና እኩል መምህር መስጠት ብቻውን እኩልነት አይሆንም። ምን ዓይነት እርዳታ ይሰጥ የሚለውን ግን ፍርድ ቤቱ አልወሰነም። ክርክሩ እስካሁን የሚካሄደው እዚህ ላይ ነው።

አንዱ ወገን ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ ይማር ይላል። ሌላው ደግሞ ሒሳቡንና ሳይንሱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እየተማረ እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ያዳብር ባይ ነው። የካሊፎርኒያ መራጮች በ1998 የሁለት ቋንቋ ትምህርትን በድምፅ ገደቡ፤ በ2016 ራሳቸው ገደቡን አነሱ። በመካከሉ፣ በ2006 የተጠናቀቀ የአምስት ዓመት ግምገማ ገደቡ ልጆቹን እንደጠቀመ ግልጽ ማስረጃ አላገኘም። ውጤታማ ትምህርት ቤቶችን የለዩአቸው የሠለጠኑ መምህራን፣ የቋንቋ ተማሪዎችን ጉዳይ የሁሉም ሠራተኛ ኃላፊነት ማድረግና የልጆቹን ዕድገት ያለማቋረጥ መመዘን ነበሩ።

የትኛው መንገድ ይሻላል ብሎ ማጥናት ቀላል አይደለም። ልጁን ሁለት ቋንቋ ወደሚያስተምር ክፍል ለማስገባት የሚሯሯጥ ወላጅ ቀድሞውኑ ለትምህርት የሚተጋ ሊሆን ስለሚችል፣ የልጁ ጉብዝና ከቤት ይምጣ ከክፍል መለየት ያስቸግራል። በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ግን ፈላጊው ከቦታው ስለበዛ ልጆች በዕጣ ይገቡ ነበር። ተመራማሪዎች ዕጣ የወጣላቸውን ካልወጣላቸው ጋር አነጻጽረው በ2015 ውጤቱን አወጡ። ከትምህርት ሰዓታቸው ከፊሉን በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በጃፓንኛ ወይም በሩሲያኛ ያሳለፉት ልጆች በእንግሊዝኛ ንባብ አምስተኛ ክፍል ላይ የሰባት ወር፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ደግሞ የዘጠኝ ወር ትምህርት ያህል ቀድመው ተገኙ።

ይህ ለእኛ ማኅበረሰብ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ልጅ ሲመዘገብ፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ቅጽ ይሞላል። «ልጄን ወደ ኋላ ያስቀሩብኛል» ብሎ «እንግሊዝኛ» ብቻ የሚጽፍ ወላጅ አለ። ይህን ሲያደርግ ልጁ ተፈትኖ እርዳታ የሚያገኝበትን በር ይዘጋበታል።

ልጁ ከጓደኞቹ ጋር በእንግሊዝኛ ሲቀልድ መስማትም ያዘናጋል። የካናዳው ምሁር ጂም ከሚንስ እንዳሳየው ለጨዋታ የሚበቃ ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ይለመዳል፤ ለትምህርት የሚበቃው ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። በእረፍት ሰዓት አፉ የማይያዘው የአምስተኛ ክፍል ልጅ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ከውጭ ለምን እንደሚረጥብ በጽሑፍ አስረዳ ሲባል እርሳሱን ይዞ ይቀመጣል። ሐሳቡ በአማርኛ አለው፤ የሚያወጣበት እንግሊዝኛ ግን ገና አልደረሰለትም። ይህን ልጅ ሰነፍ ማለት ግፍ ነው።

እዚያው ቨርጂኒያ ባለው የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ቶማስና ኮሊየር ለረጅም ዓመታት ባካሄዱት ጥናት፣ አዲስ መጤ ተማሪ በእንግሊዝኛ የሚደርስበትን ደረጃ ከሁሉ በላይ የሚወስነው በመጀመሪያ ቋንቋው የተማረው ትምህርት መጠን መሆኑን አግኝተዋል። አዲስ አበባ ወይም ደሴ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ የሄደ ልጅ ባዶ እጁን አልሄደም። ክፍልፋይ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የሚቀረው ስሙን በእንግሊዝኛ መልመድ ነው። «አማርኛውን ተው፣ እንግሊዝኛህን አውራ» ማለት ታዲያ የያዘውን ስንቅ ማስጣል ነው።

አማርኛን ከእንግሊዝኛ እኩል የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት በየሰፈሩ አይገኝም። ቢሆንም ወላጅ በአማርኛ ማንበብ፣ የቤት ሥራውን በአማርኛ ማስረዳት ይችላል። መብትም አለው፤ ትምህርት ቤቱ በሚገባው ቋንቋ ሊያነጋግረው ይገባል። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1981 ከቴክሳስ በመጣ ክስ ላይ ሦስት መለኪያ አስቀምጧል፤ እኛም እነዚህን ይዘን በየስብሰባው እንጠይቅ፦ ፕሮግራማችሁ ባለሙያ በሚቀበለው ዕውቀት ላይ ቆሟል? በቂ መምህርና መጽሐፍ ተመድቦለታል? ልጆቹስ በእርግጥ ተለውጠዋል? በሦስቱም ላይ በማስረጃ የማይመልስ ትምህርት ቤት ፕሮግራሙን ማስተካከል አለበት።